የዓርብ ምሳ

የዩኒቨርሲቲን የትምህርት ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ባገኘው ግን አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፤ ተማሪ ሰው መሆኑን ሰምቶ ያውቃል ወይ? ሰኞ ጠዋት አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጥና እስከ ከሰዓት ድረስ ያስጠብቃል። ማክሰኞ ጠዋቱን ባዶ ትቶ ልክ ቀትር ላይ ይጠራል። ረቡዕን ላብራቶሪ ብሎ ከነነፍሱ ይውጠዋል። ሐሙስ መምህሩ አልተመቸኝም ይልና ትምህርቱ ወደ ቅዳሜ ይዞራል። ደህና አባት ላለው ተማሪ ይህ ሁሉ ምንም አይደለም፤ በባዶው ሰዓት ይተኛል፣ ወይ ኳስ ያያል። ሥራ ለሚፈልግ ግን ሳምንቱ ወንፊት ነው፤ ቀዳዳው ብዙ፣ የሚይዘው ነገር የለም።

ዝናሽ ይህን ወንፊት ይዛ ነው ደብረ ታቦርን ደጅ ለደጅ ስትዞር የከረመችው።

የመጣችው ከጉና ግርጌ፣ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ እህል ብርዱን ከማይችልበት አገር ነው። አባቷ የሞተው ገና አሥረኛ ክፍል ሳለች ነበር። እናቷ ዓለሚቱ ከታላቅ ወንድሟ ጋር መሬቷን እያረሰች ልጅቷን እዚህ ድረስ አድርሳለች፤ ከዚህ በላይ ልጠይቃት ማለት ግፍ ነው። ዝናሽ ባዮሎጂ ታጠናለች፣ ሁለተኛ ዓመት። ዩኒቨርሲቲው ያበላል፣ ያስተኛል፤ እሱስ እውነት ነው። ሳሙና ግን አይሰጥም። ሀንዳውት በነጻ አያባዛም። ሴት ልጅ በየወሩ የሚያስፈልጋትን ደግሞ ማን አስቦት ያውቃል!

መጀመሪያ የሄደችው አንድ ምግብ ቤት ነው። ባለቤቲቱ ከእግር እስከ ራሷ አይታት፣ «ሙሉ ቀን ትችያለሽ?» አለቻት።

«ሰኞ ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት እችላለሁ። ማክሰኞ ጠዋት እችላለሁ። ረቡዕ ግን…»

«እንግዲህ ደንበኞቼን ረቡዕ እንዳይርባችሁ ልበላቸው?» አለችና ወደ ጓዳዋ ገባች። እውነቷን ነው፤ ምን ትበል።

ቀጥሎ አንድ ሆቴል ዕቃ ለማጠብ ተቀበላት። ደህና ሄዶ ሄዶ አንድ ረቡዕ ሠርግ ወረደባቸውና፣ «ዛሬ ብትቀሪ ሁለተኛ እንዳትመጪ» አሏት። ላብራቶሪ ነበራት፣ ቀረች። ሁለተኛም አልሄደችም። ዳቦ ቤትም ሞክራለች፤ ሌሊት እየተነሳች ሊጥ ስታቦካ ሰንብታ ክፍል ውስጥ ተኝታ ስትገኝ መምህሩ፣ «ቤትሽ አልጋ የለሽም?» ብሎ ልጆቹን ሁሉ አሳቀባት።

በመጨረሻ ከፕሮግራሙ ጋር የሚስማማ አንድ ሥራ አገኘች፤ የግቢውን ልጆች ልብስ ማጠብ። ቀዳዳው በተገኘበት ሰዓት ሁሉ ይታጠባል። ይህ ሥራ ግን ሌላ ነገር ወሰደባት። ከተደራራቢው አልጋ በታችኛው ላይ የምትተኛው ፍቅርተ ድሮ፣ «ዝንዬ፣ ካፌ እንሂድ» እያለች እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር የሚወጡት። ልብሷን ማጠብ ከጀመረችላት ወዲህ ግን ፍቅርተ የቆሸሸውን በፌስታል ቋጥራ የዝናሽ አልጋ ላይ ታስቀምጥና ከሌሎች ጋር ትወጣለች። ክፋት አልነበረባትም። የውስጥ ልብሷን ለምታጥብላት ልጅ የልብ ወሬ ማውራት ከበዳት መሰለኝ። ሌሎቹም እንዲሁ ሆኑ። ሰላም ይሏታል፣ ያመሰግኗታል፣ ይሄዳሉ።

በዚያ ሁሉ ሺህ ተማሪ መሃል፣ መምህር ስም ካልጠራ በቀር ስሟን ማንም ሳያነሳ የሚመሽበት ቀን ነበር። ማታ ማታ ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣ «ዛሬ ከማን ጋር አወራሁ?» ብላ ስታስብ ማንንም ታጣለች። ስለዚህ ሥራ ስትፈልግ የምትፈልገው ሥራ ብቻ አልነበረም። የምትገባበት አንድ ቤት፣ ስትገባ «መጣሽ?» የሚላት አንድ ሰው ፈልጋ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ሰው ሲስቅባት ታያት።

ዓርብ ግን፣ ተመስገን፣ ያ ፕሮግራም አውጪ እንኳ የማይነካው ሰዓት አለ። ሙስሊሞቹ ጁምዓ እንዲደርሱ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ትምህርት የለም። ክርስቲያኑ ተማሪ ይህን ሰዓት ካፌ ተሰልፎ፣ ምሳውን በልቶ፣ ተኝቶ ይጨርሰዋል። ዝናሽ በአንዱ የጥቅምት ዓርብ የቀሚሷ ዚፕ ተበጥሶባት፣ ከግቢው ብዙ ወደማይርቅ አንድ የልብስ ስፌት ቤት ይዛ ሄደች።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ጋሽ ኢብራሂም ይባላሉ። ጺማቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ናቸው። ስትደርስ ጫማቸውን ቀይረው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ በሩን ሊዘጉ ነበር። በረንዳው ላይ ደግሞ ለቅዳሜ ገበያ የመጣ አያሌው የሚባል ባላገር፣ «ኧረ ጋሽ ኢብራሂም፣ ቁምጣዬን ሳልይዝ አይዝጉት፤ ነገ ያለ ቁምጣ ገበያ ልውጣ እንዴ?» እያለ ይነዘንዛቸዋል።

«ሶላት ይቅርብኝ ልበል ላንተ ቁምጣ?» አሉት። ዞር ሲሉ ዝናሽን አዩዋት። ዓይናቸው አንገቷ ላይ ካለው ማተብ ላይ አረፈ።

«ልጄ፣ ክርስቲያን ነሽ?»

«አዎን።»

«እንግዲያ ጁምዓ የለብሽም። ተማሪ ነሽ?»

«አዎን።»

«እስከ ስንት ሰዓት ነፃ ነሽ?»

«እስከ ሰባት ተኩል።»

«እልፍ በይ። እስክመለስ ሱቄን ጠብቂልኝ። የሚመጣውን ልብስ ተቀበይ፣ የማን እንደሆነ ልብ በይ። ለዚህም ሰውዬ ቁምጣው ያውልሽ፣ ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው።» ብለዋት እየተጣደፉ ሄዱ።

እዚህ አገር ሰው ሥራ የሚያገኘው በዘመድ ነው፣ በአበልጅ ነው፣ በምልጃ ነው። በማተቧ ሥራ ያገኘች ልጅ ከዝናሽ በቀር አላውቅም፤ ያውም ሙስሊም ቤት።

ሲመለሱ ሱቁ ተጠርጎ፣ ቁርጥራጩ ጨርቅ በአንድ በኩል ተሰብስቦ፣ አያሌው አዲሱን ቁምጣ ለብሶ በረንዳው ላይ ይንጎራደዳል። ቁልፉን የተከለችለት ዝናሽ ናት። ጋሽ ኢብራሂም መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት፣ ሳቡት። አልነቃነቅም አለ።

«ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ። በእኛ አገር ብርድ ቁልፉ የላላ ልብስ አይለበስም።»

«አገርሽ የት ነው?»

«ጉና።»

«ታዲያ ነው!» አሉና ሳቁ። «የሚመጣው ዓርብም ነይ።»

እንዲህ ሆኖ ዓርብ የዝናሽ ቀን ሆነ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ባላገሩ ከዓርብ ጀምሮ ይገባል፤ የተቀደደውን፣ የጠበበውን፣ የረዘመውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ጋሽ ኢብራሂም ለሶላት ሲዘጉ ያ ሁሉ ደንበኛ ወደ ሌላ ሰፊ ሲሄድባቸው ኖሯል። አሁን ዝናሽ አለች። ልብስ ትቀበላለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ የጋቢ ጫፍ ትቀመቅማለች፣ የከሰሉን ካውያ እያራገበች ትተኩሳለች። ደብረ ታቦር ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ እጅ ያደነዝዛል። የካውያው ሙቀት ፊቷን ሲነካት አገሯ ምድጃ ዳር የተቀመጠች ይመስላትና ደስ ይላታል። የሚከፍሏትም ለሳሙናውና ለኮፒው ይበቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ክፍያው አልነበረም። ገና በረንዳው ላይ ስትደርስ ጋሽ ኢብራሂም ከማሽናቸው ቀና ሳይሉ፣ «መጣሽ?» ይሏታል። ይኸው ነው። ለዚህች ቃል ብላ ሳምንቱን ሙሉ ዓርብን ትጠብቃለች።

እንግዲህ ምሳው ላይ ደረስን፤ ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

በጉና በኩል ያደገ ሰው ሰው ቤት ገብቶ «ብላ» ሲሉት ብድግ ብሎ እጁን አይታጠብም። ነውር ነው። መጀመሪያ «በልቻለሁ» ይላል። ባለቤቲቱ «ኧረ እባክህ» ትላለች። «ጠግቤያለሁ» ይላል። «አፈር ስሆን» ትላለች። «ኧረ ይቅር» ይላል። «በሞቴ» ስትለው ያን ጊዜ፣ እንግዲህ የሰው ሞት አይቃለልም፣ ቁጭ ይላል። ሁለቱም ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደሚበላ ያውቃሉ። ቢሆንም ይህ ሁሉ ሳይባል የተበላ እንጀራ የልመና ነው። እናቷም ዩኒቨርሲቲ ስትሸኛት ያለቻት ይህንኑ ነው፦ «ልጄ፣ ረሃብሽን ሰው ፊት አታውጪው። ሲለምኑሽ ብይ፤ ሳይለምኑሽ አትብይ።»

የጋሽ ኢብራሂም ቤት ከሱቁ ጀርባ ነው፤ መሃላቸው አንዲት በር ብቻ ናት። በመጀመሪያው ዓርብ ያቺ በር ተከፈተችና ሚስታቸው እትየ ዘምዘም ብቅ አሉ። ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዝናሽ፣ ግቢና ምሳ ቅመሽ። ሽሮ ነው» አሏት።

ዝናሽ ጠዋት ከቀመሰቻት ሻይና ዳቦ በቀር ምንም አልበላችም። ካፌው ምሳ የሚያበላው እሷ ሱቅ በምትጠብቅበት ሰዓት ስለሆነ ዓርብ ዓርብ ምሳ የላትም። ሽሮው ደግሞ እስከ ሱቁ ድረስ ይሸታል። ሥጋ እስካልሆነ ድረስ ሙስሊም ቤት መብላት እሷ ዘንድ ችግር የለውም፤ ሽሮ ሃይማኖት የለውም።

«በልቻለሁ እትየ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ እንደ አስተዳደጓ። ብላም ሁለተኛውን ቃል ጠበቀች።

«እሽ ልጄ» አሉ እትየ ዘምዘም። በሩ ተዘጋ።

ዝናሽ መርፌዋን ይዛ ቀረች። አልሰሙኝ ይሆናል አለች። በሳምንቱም በሩ ተከፈተ፣ «ሽሮ አለ» ተባለ፣ «በልቻለሁ» አለች፣ «እሽ» ተባለ። በሌላው ሳምንት ምስር ነበር። በሌላው ጎመን። እትየ ዘምዘም አንድ ጊዜ ይላሉ፣ ትንሽ ቆመው ፊቷን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ዝናሽ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሆዷን በእጇ ይዛ ወደ ግቢ ትሮጣለች። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ አበው። እውነታቸውን ነው፤ ጉርሻም አይገባም።

ከዚያ «ሽሮ አለ» ቀርቶ «ሻይስ?» ሆነ። «አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አለች። ሻዩም ቀረ።

ገና ሲደርስ እትየ ዘምዘም በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ለገና አገርሽ ትገቢያለሽ?» ብለው ጠየቋት። መንገዱ አንድ ሰሞን ተከፍቶ አንድ ሰሞን የሚዘጋበት ጊዜ ነበርና መሄድ አልቻለችም። «አልሄድም» ብትል ግን ጥሩኝ ማለት ነው የሚሆነው፤ ራስን መጋበዝ። ስለዚህ «አዎን፣ እናቴ ትጠብቀኛለች» አለች።

«እሰይ። እናትሽን ሰላም በይልኝ» አሉ።

ገናን አልጋዋ ላይ ዋለች። ግቢው ባዶ ነበር። የፍቅርተ ዘመዶች እዚሁ ከተማ ስለሆኑ ፍቅርተ ሄዳለች። ዝናሽ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመለሰች፣ የታጠበ ልብስ አጣጠፈች፣ ያጣጠፈችውን ፈትታ ደግማ አጣጠፈች። ከሰዓት በኋላ ከከተማው የሆታ ድምፅ ሲመጣ መስኮቱን ዘጋችው። በሳምንቱ ዓርብ ጋሽ ኢብራሂም «በዓሉ እንዴት ነበር?» ሲሏት «ደስ ይል ነበር» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓርብ በሩ ጭራሽ አልተከፈተም። ከውስጥ የመጣውም ሽታ የሽሮ አልነበረም፤ ሥጋ ነበር። ዝናሽ ካውያውን ይዛ ቆመች። በዓርብ የጾመኛ አፍንጫ ሥጋን ከሩቅ ያውቃል፤ እሷ የገረማት ግን ሌላ ነው። እስከ ዛሬ የሚያበስሉት ለእሷም የሚሆን ነገር ነበር። አሁን ረስተዋታል።

ማታ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና፣ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች ለራሷ። ከልባቸው ቢፈልጓትማ ሁለተኛ ለመጠየቅ ምን ይገዳቸው ነበር? የሱቅ ጠባቂ ናት፤ ሱቅ ጠበቀች፣ ተከፈላት፣ አለቀ። ልጅ የሆነች መስሏት የሞኝ ነገር ስታስብ ከረመች። ይህን አስባ አለቀሰች፣ ፍቅርተ እንዳትሰማ አፏን ትራስ ውስጥ ደብቃ።

በጥር መጨረሻ ጋሽ ኢብራሂም ከጁምዓ ሲመለሱ እንደ ወትሯቸው ወደ ማሽናቸው አልሄዱም። ደንበኛው ሁሉ ሄዷል። ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡና መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ።

«የእህቴ ልጅ ሂክማ ከእብናት ልትመጣ ነው» አሉ። «ስፌት መልመድ ትፈልጋለች። ሴት ልጅ ስለሆነች ጁምዓ ግድ አይላትም። ሱቁን እሷ ትይዝልኛለች።»

ዝናሽ የምትቀመቅመውን ጋቢ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ገብቷታል።

«እሽ» አለች። «ደግ አደረጉ።»

ሥራው ብቻ ቢሆን ምን ነበር? ሥራ ሄዶባት ያውቃል። አሁን የሚሄደው ግን «መጣሽ?» የምትለዋ ቃል ናት፤ ከዚህ በኋላ ዓርብም እንደ ማክሰኞ ሊሆን ነው። ክሩን በጥርሷ በጥሳ መርፌውን ከቦታው ሰካችው። ጋቢውን አጣጠፈች። እንባዋ እንዳይመጣ ወደ ጣሪያው አየች።

«ቅር እንዳይልሽ» አሉ ጋሽ ኢብራሂም። «በሥራሽ አይደለም። እንዳንች ያለ እጅ አላገኝም። ብቻ እኛም ሰው ማስጨነቅ አንወድም።»

«ማን ተጨነቀ?»

«አንች ነሻ። ይኸው ከጥቅምት ጀምሮ ከዚህ ቤት ውሃ እንኳ አልቀመስሽም። የእምነት ነገር ነው፣ አንፈርድብሽም። ዘምዘምን ግን ሆድ ባሳት። ዓርብ ዓርብ የጾም የምትሠራው ለማን ይመስልሻል? በእኛ እኮ ዓርብ በዓል ነው። እኔ ከመስጊድ መጥቼ ሽሮ ስበላ የከረምኩት ለማን ብዬ ነው?» ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። «ድስቱንም አዲስ ነው የገዛችው፤ ሥጋ ያልነካው ይሁንላት ብላ። ተስፋ ስትቆርጥ ጊዜ መደርደሪያው ላይ ሰቀለችው።»

«እስኪለምኑኝ እየጠበቅሁ ነበር» ይባላል? አይባልም። ቢሉት ደግሞ እነሱን መውቀስ ነው። ሰባት ሰዓት አልፏል፤ ከሰዓት በኋላ ያለው መምህር ስም ይጠራል። ጥሩ አስተዳደግ ያላት ልጅ አሁን ማድረግ ያለባት ግልጽ ነው፦ «ኧረ እንዲያ አይደለም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነስታ፣ መሄድ። እናቷም ብትኖር ይህንኑ ትመክራት ነበር። እንዲህ አድርጋ ብትሄድ ግን ሁለቱ ሰዎች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አንዲት የጉና ልጅ ማጀታችንን ተጸየፈች እያሉ ይኖራሉ። እሷም የሚፈልጋት ቤት እንደሌለ እያሰበች ትመረቃለች።

ደብተሯን አነሳች። ወደ ውጭው በር ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ተመለሰችና ያቺን የውስጥ በር ራሷ አንኳኳች።

እትየ ዘምዘም እጃቸው እርጥብ እንደሆነ ከፈቱ። ከኋላቸው የሥጋው ሽታ ወጣ።

«ምነው ልጄ?»

«ርቦኛል» አለች ዝናሽ።

በእሷ አገር ይህን ቃል ሰው ደጃፍ ቆሞ የሚናገር ለማኝ ብቻ ነው። ለማኙም ቢሆን «ስለ ማርያም» ብሎ ያለሰልሰዋል። ዝናሽ ግን ዓይኗን በጨው ታጥባ እንዲሁ ባዶውን አለችው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«ምን አልሽኝ?»

«ርቦኛል። ሁልጊዜም ርቦኝ ነበር። በልቻለሁ ስልዎት አልበላሁም። ሁለተኛ እስኪሉኝ ነው የጠበቅሁ። ለገናም አገሬ አልገባሁም።»

እትየ ዘምዘም እጃቸውን በሻሻቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ፤ ከደረቀም በኋላ ይጠርጉታል። «እኔ እኮ ሁለተኛ ብልሽ በግድ ልታበላኝ ነው ትያለሽ ብዬ ነው» አሉ። «እናቴ ክርስቲያን እንግዳ አንዴ እንቢ ካለ አትግፊው፣ ይጨነቃል ትለኝ ነበር። አንቺ ፊቴን እያየሽ ዝም ስትይ፣ ሂጅልኝ ማለትሽ መሰለኝ።»

ዝናሽ አንገቷን ደፋች። ጋሽ ኢብራሂም ከወንበራቸው ተነስተው ማሽኑ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግን አይሰፉም።

«ዛሬ የጾም ነገር የለኝም» አሉ እትየ ዘምዘም።

«አውቃለሁ፣ ሸትቶኛል» አለች። ይህን ስትል ሁለቱም ሳቅ አመለጣቸው።

«ግቢና ቁጭ በይ። አሁን ይደርሳል።»

«ትምህርት አለኝ እትየ…»

«በሞቴ» አሏት።

ቁጭ አለች።

እትየ ዘምዘም ዱካ በርጩማ ላይ ቆመው ድስቱን ከመደርደሪያው አወረዱት። በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር። አጠቡት፣ ጣዱት። ሽንኩርቱ ሲቆላ የሥጋው ሽታ ቀስ በቀስ ጠፋ። ዝናሽ ነጭ ሽንኩርት ልላጥ ብትል «እንግዳ ነሽ» ተብላ ተከለከለች። ጋሽ ኢብራሂም ማሽናቸውን ማስጮህ ጀመሩ። ሰባት ተኩል ሆነ፣ አለፈ። ግቢ ውስጥ መምህሩ ስሟን ሲጠራ፣ «የለችም» ብለው ይሆናል። ከትምህርት ቀርታ አታውቅም፤ ያን ዕለት ግን አላሳሰባትም።

ሽሮው እየተንተከተከ በአዲስ ትሪ መጣላት። ለብቻዋ ነበር የቀረበላት፤ የእነሱ ምሳ ሥጋው ነው። እትየ ዘምዘም አጠገቧ ተቀምጠው የመጀመሪያውን ጠቅልለው አጎረሷት። በጣም ይፋጅ ነበር። ዋጠችው። ከጥቅምት ጀምሮ የተራበችው ሁሉ አንድ ጊዜ መጣባትና እስክትጠግብ ቀና አላለችም። በቃኝ ስትል፣ «አፈር ስሆን» ተባለች፤ ደግማ በላች።

ሥራው ግን ሄዷል። «ቅሪ» ያላት የለም፣ እሷም አልጠበቀችም። ጋሽ ኢብራሂም ለእህታቸው ቃል ሰጥተዋል፤ ቃል ደግሞ ቃል ነው። ሂክማ ሰኞ ትገባለች። ዝናሽ ዛሬ ማታ የፍቅርተን ፌስታል ታጥባለች፣ ነገ የሌላውን። ሳሙናዋን ከዚያ ትገዛለች። ይህን ሁሉ እጇን እየታጠበች አሰበችው፤ ከፋት። የዓርቡ መርፌ፣ ካውያው፣ በረንዳው ላይ የሚንጫጩት ባላገሮች ሁሉ ከዛሬ ወዲያ የሂክማ ናቸው።

ለመሄድ ተነሳች። ጋሽ ኢብራሂም፣ «በርቺ ልጄ» ብለው መረቋት። እትየ ዘምዘም ትሪውን ይዘው እስከ በሩ ተከተሏት።

«ለዓርብ ምን ልሥራልሽ?» አሏት። «ሽሮ ይሻልሻል፣ ምስር?»

ዝናሽ ዞር አለች። የእናቷ ትምህርት፣ የአገሯ ደንብ፣ ያደገችበት ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ።

«ኧረ አይቸገ…» አለችና አቋረጠችው።

«ምስር» አለች።